የኦፍሮድ ክለብ አባል ምን መቻል አለበት፣ ምን ያህልስ ይሳተፍ? መስፈርት አወጣጥ ደረጃ በደረጃ

ኦፍሮድ ክለብ (በፎር ዊል መኪና ከአስፋልት ውጪ አስቸጋሪ መንገድ አብሮ የሚወጣ ክለብ) ያላችሁ ወይም ልታቋቁሙ ያሰባችሁ ሰዎች፣ መስፈርት ላይ ቁጭ ብላችሁ ሳትነጋገሩ መንገድ አትውጡ። ክለብ ሲጀመር ሁሉም ጓደኛሞች ስለሆኑ ማን ምን ይችላል ብሎ መጠየቅ እንደ ንቀት ይቆጠርና ይታለፋል፣ ከዛ አባል ሲበዛ አንድ ቀን ጎማ ማስተንፈስ እንኳን የማያውቅ ሰው አሸዋ ላይ ይቀረቀራል፣ እሱን ለማውጣት ሰዓት ይሄዳል፣ ይመሻል፣ ሰው ይቸኩላል፣ በችኮላ ደግሞ ገመድ ያለቦታው ይታሰራል። ከባድ አደጋ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ከትንሽ ነገር ተነስቶ ነው። እኔ የማምነው፣ አንድን ሰው ስንት አመት ነዳህ፣ ምን መኪና አለህ ብሎ መመዘን ዋጋ የለውም፣ ሌላ ሰው ቆሞ እያየው ምን ሰርቶ ማሳየት እንደሚችል ነው መታየት ያለበት። ተሳትፎም እንደዛው ነው፣ መገኘቱ ብቻ ሳይሆን ሲገኝ የትኛውን ስራ ተሸከመ ነው ጥያቄው።

1. መጀመሪያ መንገዱን ጻፉ፣ ሰውን በኋላ

ብዙ ክለብ ከሰው ይጀምራል፣ ጀማሪ፣ መካከለኛ፣ የላቀ ብሎ ስም ያወጣና ምን ማለት እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። እናንተ ከመንገድ ጀምሩ። ጉዞ የሚመሩት ሰዎች ይቀመጡና ባለፈው አመት የተሄደባቸውን መንገዶች በሙሉ ያስፍሩ፣ ከእያንዳንዱ ጎን በጣም ከባዱን አንድ ቦታ ብቻ ይጻፉ፣ ቁልቁለቱ ሊሆን ይችላል፣ ወንዙ፣ ድንጋያማው ዳገት፣ ምናምን፣ ከዛ እዛ ቦታ ላይ መሪ የያዘው ሰው ምን መቻል ነበረበት ብለው ይጠይቁ። መልሶቹን ስትደረድሯቸው በራሳቸው ጊዜ ሶስት ቦታ ይከፈላሉ፣ ማንም መቻል ያለበት፣ ልምምድ የሚፈልግ፣ እና ሌላውን ለሚመራ ሰው የሚሆን።

ለሰው ከሶስት ደረጃ በላይ አያስፈልግም። ለመንገድ ሲሆን ሌላ ነው፣ ጂፕ ጃምቦሪ የሚባሉት የአሜሪካ ጉዞ አዘጋጆች ለምሳሌ መንገዶቻቸውን ከ1 እስከ 10 ነው የሚመድቡት፣ መንገድ ሲሆን እንደዛ መዘርዘር ያስኬዳል። ሰው ላይ ግን አስር ደረጃ ብታወጡ በአራትና በአምስት መሀል ያለውን ልዩነት ለማስረዳት ስብሰባ ትጠራላችሁ። ሶስት ይበቃል፣ ግን ከሁለተኛው ደረጃ ጀምሮ የመሬቱን አይነት ጎን ለጎን ጻፉ፣ ምክንያቱም አሸዋ ላይ ጎበዝ የሆነ ሰው ድንጋይ ላይ ገና ጀማሪ ሊሆን ይችላል፣ አሸዋ ፍጥነት ጠብቆ መሄድ ይፈልጋል ድንጋይ ደግሞ በጣም ቀስታ፣ አንዱ የለመደው እግር ለሌላው አይሆንም።

2. የመኪናውንና የሹፌሩን ወረቀት ለዩ

እዚህ ላይ ነው ክለቦች በጣም የሚሳሳቱት። ትልልቅ ጎማ ያስገባ፣ ከፍ ያስደረገ፣ ዲፈረንሻል ሎክ (የግራና የቀኝ ጎማ እኩል እንዲዞሩ የሚያደርግ መቆለፊያ) ያለው ሰው መኪናው ከባድ መንገድ ስለሚያልፍለት ብቻ ከፍተኛ ደረጃ ይሰጠዋል፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ባለ መኪና መስመር እየመረጠ የሚሄደው ሰው ደግሞ ታች ይቀራል። ደረጃ የሹፌሩ ነው፣ መኪና ቢቀይርም አብሮት ይሄዳል። መኪናው የራሱ ወረቀት ይኑረው፣ በየጉዞው ጠዋት የሚታይ።

የመኪናው ወረቀት አጭር ይሁን። ከፊትና ከኋላ ሻሲው ላይ በቦሎን የታሰረ ለመጎተት የተሰራ መንጠቆ፣ የሚሰራ ሎው ማርሽ ማለትም መኪናውን በጣም ቀስ አድርጎ በጉልበት የሚያስኬደው የፎር ዊል ዝቅተኛ ማርሽ (ለሁለተኛ ደረጃ መንገድና ከዛ በላይ)፣ ከሌሎቹ እኩል የሆነ ስኮርታ ጎማ፣ ክሪክ፣ የታሰረ ባትሪ፣ እሳት ማጥፊያ፣ ሬዲዮ፣ እና መኪናው ውስጥ የማይበር እቃ ማለትም ሁሉም ነገር የታሰረ። ከዚህ ሁሉ መንጠቆው ላይ ፍንክች እንዳትሉ። ተሳቢ መጎተቻ ኳሷ ላይ ገመድ ማሰር በጽሁፍ የተከለከለ ይሁን፣ ኳሷ ተሳቢን በእርጋታ ለመሳብ እንጂ ለድንገተኛ ጉተታ አልተሰራችም፣ ገመዱ ሲወጠር ከተሰበረች ብረቷ በመስታወት ገብታ ሰው ትገድላለች፣ ገድላም ታውቃለች። ትክክለኛ መንጠቆ የሌለው መኪና ቀላል መንገድም ቢሆን አይውጣ፣ ምክንያቱም ቀላል መንገድ ላይም ይቀረቀራል።

3. ችሎታውን በሚታይ ነገር ጻፉት

"ዳገት ላይ ጥሩ ቁጥጥር አለው" ብሎ መጻፍ ምንም አይጠቅምም፣ ሁለት ፈታኝ ሁለት አይነት ይረዳዋል። እያንዳንዱ መስመር ቆሞ የሚያይ ሰው አዎ ወይም አይ የሚልበት ይሁን።

አንደኛ ደረጃ ላይ ጎማ ይጀምር። ሰውየው አራቱንም ጎማ በራሱ መለኪያ አስተንፍሶ መልሶ ይሙላ፣ አሸዋ ላይ ብዙ ሰው ከ15 እስከ 18 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) አካባቢ ነው የሚወርደው፣ እንደ መኪናው ክብደትና እንደ ጎማው ይለያያል፣ ግን ቁጥሩን ከማወቁ ይልቅ ለምን እንደሚያስተነፍስ ይናገር፣ ጎማው ሲላላ መሬት የሚነካው ቦታ ይረዝማል፣ ክብደቱ ይበተናል፣ ስለዚህ አይሰምጥም። ከዛ ጎማ ከላላ በኋላ በፍጥነት ከተጠመዘዘ ጎማው ከቸርኬው ሊለቅ እንደሚችል፣ አስፋልት ላይ ሲወጣም ሳይሞላ እንደማይነዳ ማወቅ አለበት። ቀጥሎ ፎር ዊል መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ። ፓርት ታይም የሆነ ማለትም ሲያስፈልግ ብቻ የሚገባ ፎር ዊል ደረቅ አስፋልት ላይ አይነዳም፣ መኪና ሲጠመዘዝ የፊትና የኋላ ጎማ እኩል ርቀት አይሄዱም፣ መሀል ላይ ልዩነቱን የሚውጥ ዲፈረንሻል ከሌለ ጭነቱ ማርሾቹ ላይ ያርፋል። ይሄን ሳያውቅ አመታት የነዳ ሰው ብዙ ነው።

ቁልቁለት ላይ ሎው አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮን ሳይረግጥ በሞተር ብቻ ይውረድ። አውራ ጣቱ መሪው ውስጥ እንዳይገባ፣ ድንጋይ ጎማውን ሲመታ መሪው ድንገት ከዞረ ጣት ይሰብራል፣ በተለይ የድሮ መኪኖች ላይ። ውጪ ቆሞ መንገድ የሚያሳየውን ሰው እጅ ተከትሎ ይንዳ፣ ሰውየው ቁም ሲለው ወዲያው ይቁም። ይሄ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል ግን ከምንም በላይ የማይተው ነው፣ የሚታዘዘው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን፣ ከዳር ሆኖ የሚጮህን ሰው እንደማይሰማ፣ መንገድ አሳዩ ከጠፋበት እንደሚቆም በልምምድ ያሳይ።

አንደኛ ደረጃ ውስጥ የግድ መግባት አለበት የምለው ሌላ ነገር ደግሞ ያልተሳካ ዳገት ነው። ብዙ ክለብ ለሁለተኛ ደረጃ ያቆየዋል፣ እኔ አልስማማም፣ ምክንያቱም ዳገት መሀል መቆም ጀማሪ ላይ ነው ቀድሞ የሚደርሰው። ሞተሩ ሲጠፋ ወይም ጎማው ሲሽከረከር ፍሬን ይያዝ፣ የኋላ ማርሽ በሎው ይገባ፣ መስታወት ይታይ፣ ከዛ ቀጥ ብሎ በሞተር እየተያዘ ወደ ኋላ ይወረድ። ፎሌ ላይ አድርጎ መውረድ የለም፣ ፍሪሲዮን ረግጦም የለም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዳገት መሀል መኪናውን ጎን ለጎን ለማዞር መሞከር ፈጽሞ የለም፣ የሚገለበጠው እዛ ላይ ነው። ሰው ሲደነግጥ እጁ የሚሄደው ግን ወደ መዞር ነው፣ ስለዚህ በአፍ አስረድቶ ማለፍ አይበቃም፣ ረጋ ያለ አጭር ዳገት ላይ ሆን ተብሎ መሀል ላይ አስቁማችሁ አሰሩት፣ እጁ እስኪለምደው።

ሁለተኛ ደረጃ፣ መስመር መምረጥ፣ የጎን ዘንበል (መኪናው መንሸራተት ሲጀምር መሪውን ወደ ቁልቁለቱ ማዞር)፣ ውሃ መሻገር እና ገመድ ነው። ውሃ ላይ ከመግባቱ በፊት ጥልቀቱን፣ መሬቱንና መውጫውን ያጣራ፣ በደህና በእግር የማይሻገሩትን ውሃ በመኪናም አይገባበትም የሚለውን ደንብ ያክብር። የሚፈስ ውሃ 30 ሴንቲሜትር ሲደርስ ትንንሽ መኪኖችን መውሰድ ይችላል፣ 60 ሴንቲሜትር አካባቢ ሲሆን ደግሞ ትልልቆቹንም ጭምር፣ መኪናው ከፍ ያለ መሆኑ ከዚህ አያድንም። እዚህ ላይ ፈተናው መሻገር ብቻ አይሁን፣ የማይሻገሩት ውሃ ጋር ውሰዱትና ምን ትወስናለህ በሉት፣ አልገባም ብሎ የተመለሰ አለፈ።

ገመድ ላይ ረዘም አድርጋችሁ ቆዩ። የሚለጠጠውንና የማይለጠጠውን ገመድ በእጁ ይዞ ይለይ፣ የሚለጠጠው በሩጫ ለማውጣት ነው የማይለጠጠው ደግሞ ቀስ ብሎ ለመሳብ፣ የማይለጠጠውን አስሮ ተንደርድሮ መጎተት መንጠቆ ይነቅላል። የገመዱን ጥንካሬ ከመኪናው ጋር ያመዛዝን፣ የሚለጠጠው ገመድ የመሰበሪያ አቅሙ ከቀላሉ መኪና ሙሉ ክብደት ከ2 እስከ 3 እጥፍ ቢሆን ነው ጥሩ፣ በጣም ከጠነከረም አይለጠጥም። ገመዱን ከመንጠቆው የሚያያይዘው ብረት ማለትም ሻክሉ ላይ የታተመውን የጭነት ቁጥር ያንብብ። ገመዱ መሀል ላይ ከባድ ጨርቅ ወይም ለዚህ የተሰራ ማርገቢያ ይጣል፣ ሰው ሁሉ ቢያንስ የገመዱን ርዝመት 1.5 እጥፍ ይራቅ፣ ማንም ገመድ አይሻገር። ከመጎተቱ በፊት ደግሞ አካፋ። ጎማው ፊት ያለውን አሸዋ ወይም ጭቃ ሳይጠርግ ገመድ የሚያወጣ ሰው ገና አላለፈም፣ ጎማ አስተንፍሶና ቆፍሮ ራሱን የሚያወጣ ሰው ከባድ ጉተታ አያስፈልገውም።

ሶስተኛ ደረጃ ሌላውን የሚመራ ሰው ነው። ዊንች (መኪናው ላይ የተገጠመ ገመድ የሚጠቀልል መጎተቻ)፣ መንገድ ማሳየት፣ ኮንቮይ ማለትም ተከታትለው የሚሄዱ መኪኖችን መምራት፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሰርተፍኬት፣ ካርታና ጂፒኤስ፣ የስልክ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ የድንገተኛ ጥሪ የሚያደርግበት መሳሪያ አጠቃቀም። ዊንች ላይ የብረት ገመድ ከሆነ ቢያንስ 5 ዙር ከበሮው ላይ መቅረት እንዳለበት፣ ጓንት፣ የርቀት መቆጣጠሪያው አንድ ሰው እጅ ላይ ብቻ መሆኑን። ግን እውነቱን ለመናገር እዚህ ደረጃ ላይ ከእጅ ስራው ይልቅ የምፈልገው ሰው "ዛሬ እንመለሳለን" ማለት የሚችል ነው፣ ሰማንያ በመቶውን መንገድ ጨርሰው፣ ሰው እያጉረመረመ፣ ሰዓቱን አይቶ እንመለስ የሚል። ይሄን በፈተና ማየት አይቻልም፣ በጊዜ ነው የሚታየው፣ ስለዚህ ሶስተኛ ደረጃ ከመስጠታችሁ በፊት ልምድ ባለው መሪ ስር ሆኖ የተወሰኑ ጉዞዎችን ይምራ።

4. ማን ይፈትን፣ እንዴት

ሁለት ሰው ይፈትን፣ ሁለቱም ከተፈታኙ ደረጃ በላይ የሆኑ፣ ባለቤቱ ወይም ወንድሙ ወይም የልብ ጓደኛው ያልሆኑ። ለዚህ ተብሎ የተለየ ቀን ይያዝ፣ ረጅም ጉዞ መሀል አይሁን፣ ሰው ደክሞት ኋላ ያሉት እየጠበቁት የሚፈተን ሰው ችሎታውን አያሳይም። ነጥብ ከመቶ አትስጡ፣ አለፈ ወይም ገና ብቻ፣ ገና ከሆነ የትኛው መስመር እንደሆነ ተጽፎ ይሰጠውና ያን ብቻ ሌላ ቀን ይድገም። ሁሉንም ከመጀመሪያ አታስጀምሩት፣ ሰው የሚሸሸው በዚህ ነው። ቅሬታ ካለው ደግሞ ሶስተኛ ሰው እንዲያየው የመጠየቅ መብት ይኑረው፣ ይሄ መብት ተጽፎ ሲገኝ ሰው ብዙም አይጠቀምበትም ግን ሲኖር ፈታኞቹም ይጠነቀቃሉ።

ባልና ሚስት ወይም ልጅ አንድ መኪና ቢነዱ ደረጃው የየራሳቸው ነው፣ መሪ የሚቀያየሩ ከሆነ መንገዱ የሚፈልገውን ደረጃ ሁለቱም ማሟላት አለባቸው።

5. አዲስ ሰው ሲመጣ

መጀመሪያ በሌላ ሰው መኪና ጋቢና ተቀምጦ አንድ ጉዞ ይምጣ፣ ክለቡን ያያል ክለቡም ያየዋል። ከዛ በራሱ መኪና ቀላል መንገድ ላይ እንደ እንግዳ ይምጣ፣ ኮንቮይ መሀል፣ ከፊቱና ከኋላው ልምድ ያለው ሰው። አንድ ነባር አባል በስም ይመደብለት፣ እቃ ምን ልግዛ ብሎ የሚጠይቀው፣ ብዙ አዲስ ሰው ችሎታ ሳይኖረው ገንዘቡን መብራትና ፓራውልት ላይ ይጨርሳልና ቀድሞ መለኪያ፣ ኮምፕሬሰር፣ አካፋና ትክክለኛ መንጠቆ እንዲገዛ የሚመክረው ሰው ያስፈልገዋል። ሶስት ጉዞ ወይም ስድስት ወር ጥሩ የሙከራ ጊዜ ነው። በዚህ መሀል የሚታየው መንዳቱ ብቻ አይደለም፣ ሌላው ሲቀረቀር ከመኪናው ይወርዳል ወይስ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ በሰዓቱ ይደርሳል ወይ፣ ከኋላው ያለውን መኪና በመስታወት እየጠበቀ ይሄዳል ወይ፣ መታጠፊያ ላይ ኋላ ያለው እስኪያየው ይቆማል ወይ። መጠጥ ጠጥቶ መሪ መያዝ፣ ቀበቶ ሳያስሩ መሄድ፣ ሳይናገሩ ከኮንቮይ መለየት እና ከመንገዱ ወጥቶ ሳር ላይ አዲስ መንገድ ማውጣት ግን በሙከራ ጊዜም በኋላም ወዲያው የሚያስቆም ይሁን። ትሬድ ላይትሊ የሚባለው የአሜሪካ ንቅናቄ በ1985 የተጀመረው ይሄው የመሬት ጉዳት አሳስቧቸው ነው፣ አንድ መንገድ ከተበላሸ በኋላ ሲዘጋ የሚዘጋው ለሁሉም ነው።

6. የተሳትፎ መስፈርት

እዚህ ላይ በጣም እንድትጠነቀቁ እፈልጋለሁ። "በአመት ስምንት ጉዞ ያልወጣ ይሰረዛል" የሚል ደንብ ያላቸው ክለቦች አሉ፣ ውጤቱ ምንድነው፣ አመቱ ሊያልቅ ሲል መምጣት የማይፈልግ ሰው ቁጥር ለመሙላት ይመጣል፣ ደክሞት ይመጣል፣ መኪናው ሳይታይ ይመጣል፣ ከችሎታው ጋር የማይሄድ መንገድ ላይ ይገባል። የግዴታ ጉዞ ቁጥር ዝቅ ይበል። እኔ የምመክረው በአመት አራት ነገር ነው፣ ከአራቱ ቢያንስ ሁለቱ ጉዞ፣ ቢያንስ አንዱ ደግሞ ስራ፣ ስራ ማለት የስልጠና ቀን ማገዝ፣ መንገድ ማጽዳት፣ የክለቡን ገመድና ሻክል መፈተሽ፣ ኋላ ጠባቂ ሆኖ መሄድ፣ መዝገብ መያዝ። ጋቢና ተቀምጦ የመጣም ጉዞ ይቆጠርለት፣ መኪናው ጋራዥ ስለገባ ብቻ ሰው ከክለብ መውጣት የለበትም።

ኋላ ጠባቂነት በተለይ በተራ ይሁን። ፊት መምራት ሁሉም ይፈልጋል፣ አቧራ እየበሉ መጨረሻ መሄድ፣ የቀረን መጠበቅ፣ የተበላሸ መኪና ጋር ማደር የሚደርሰው ግን ለነዛው ጥቂት ሰዎች ነው፣ እነሱ ሲሰለቻቸው ክለቡ ይፈርሳል። ስለዚህ ሁለተኛ ደረጃና ከዛ በላይ ያለ ሰው ሁሉ በአመት አንድ ጊዜ ኋላ ይጠብቅ ብላችሁ ጻፉ።

በምን ምክንያት መቅረት እንደሚፈቀድም አስቀድማችሁ ጻፉ፣ ሲመጣ እንዳትደራደሩ፣ ህመም፣ ወሊድና ህጻን ልጅ፣ ሀዘን፣ ለስራ ሩቅ መሄድ፣ የመኪና መበላሸት። ምክንያቱን ለአንድ ሰው ይናገር ይበቃል፣ የህክምና ወረቀት ማምጣት፣ በስብሰባ ማስረዳት የለም። ያለ ምክንያት ያላሟላው ደግሞ አይባረር፣ ደጋፊ አባል ይሁን፣ ይመጣል፣ ድምጽ ግን አይሰጥም፣ የክለቡን እቃም አይዋስም፣ አራቱን ሲያሟላ ወደ ቦታው ይመለሳል። ተሳትፎና ችሎታን ግን አታደባልቁ፣ ብዙ ጊዜ ስለመጣ ደረጃ አይጨመርለትም፣ ስለቀረም የተፈተነው ደረጃ አይነጠቅም፣ ቀጥሎ ቁጥር 7 ላይ ከተጻፈው ውጪ።

7. ደረጃ ጊዜው ያልፋል

ሁለተኛና ሶስተኛ ደረጃ ላይ ያለ ሰው 12 ወር ሙሉ በዛ ደረጃ መንገድ ካልነዳ ገመዱንና ያልተሳካውን ዳገት ብቻ ደግሞ ያሳይ፣ ግማሽ ቀን የማይፈጅ ነገር ነው። የመጀመሪያ እርዳታ ሰርተፍኬት ብዙ ቦታ ለ2 አመት ነው የሚሰጠው፣ ሲያልቅ ሶስተኛ ደረጃው እስኪታደስ ይቆማል። መዝገብ ላይ ስም፣ ደረጃ፣ የመሬት አይነት፣ የተፈተነበት ቀን፣ የፈታኞቹ ስም ይጻፍ፣ ጉዞ የሚመራው ሰው ከመውጣቱ በፊት ያን ዝርዝር ያያል፣ ያላሟላ ካለ ለብቻው ደውሎ ይነግረዋል፣ ጠዋት መነሻው ላይ ሰው ፊት አይመልሰውም።

8. ነባሮቹስ?

ነባር አባላትን በሙሉ እንዳሉ ሶስተኛ ደረጃ ናቸው ብላችሁ ካለፋችሁ መስፈርቱ እዛው ሞተ፣ አዲሱ ሰው ለምን እኔ ብቻ ይላል፣ እውነቱን ነው። ስድስት ወር ጊዜ ስጡና ሁሉም ይፈተን፣ መጀመሪያ የሚፈተኑት ደግሞ ሊቀመንበሩና ጉዞ መሪዎቹ ይሁኑ፣ ሁሉም አባል በተገኘበት። አንጋፋው ሰው አንድ መስመር ላይ ገና ቢባልና በሚቀጥለው ወር ደግሞ ቢመጣ ከየትኛውም ስብሰባ ይልቅ ያ ነው ደንቡን የሚያስከብረው። ገና የተባለ ነባር እስኪያልፍ ድረስ ያለው መብት አይነካ፣ ያን ደረጃ የሚፈልገውን መንገድ ብቻ አይምራ።

ከአንድ አመት በኋላ መዝገቡን አውጥታችሁ እዩት። ማንም ያልወደቀበት መስመር ካለ ምናልባት ቀሏል ወይም ፈታኞቹ እያለፉት ነው፣ ሁሉም የወደቀበት ካለ ደግሞ ስልጠናው ላይ አልተሰጠም ማለት ነው፣ ጎድሎ የተገኘው ሰው አይደለም። በአመቱ ውስጥ መኪና የተቀረቀረበትን ወይም ሰው የተጎዳበትን ቦታ ሁሉ አንድ በአንድ አንሱና የትኛው መስመር ቢኖር ይከላከለው ነበር ብላችሁ ጠይቁ፣ መስመሩ ከሌለ ጨምሩት፣ ኖሮ ካልተጠየቀ ፈታኙን አነጋግሩ፣ የማይጠቅም ሆኖ ያገኛችሁትንም አውጡት፣ ወረቀቱ ከሁለት ገጽ አይብለጥ።